ካርዱን ይዘን ወደ ሐዋሳ

የጓደኛችን እናት ስሙን እንዳልጽፍ አስቀድመው ስለጠየቁኝ፣ በዚህ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ጓደኛችን» እያልኩ እጠራዋለሁ። እሳቸው እንዲህ ያሉት ነገሩን ለመደበቅ አስበው አይደለም፤ «የልጄ ስም የሚነሣው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላ ቦታ አያስፈልገውም» ብለው ነው። ያረፈው በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜው ገና 31 ነበር። የገደለውም አብዛኛው ሰው «ቶንሲል ነው» ብሎ የሚያልፈው የጉሮሮ ሕመም በልጅነቱ ልቡ ላይ ጥሎበት የሄደው ጉዳት ነው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ አምስት ሆነን ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ በብስክሌት ተጓዝን፤ በጉዞው ምክንያት የተሰበሰበውን ገንዘብም ለልብ ሕሙማን ሕጻናት ሕክምና ሰጠን። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደረጋችሁት?» እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ የሆነውን እንደሆነው ልጽፈው ወሰንኩ።

ያደግነው ሐዋሳ፣ አሮጌ ገበያ አካባቢ ነው። ከተማዋ ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ሜዳ ስለሆነች፣ በእኛ ልጅነት ብስክሌት መንዳት የማይችል ልጅ እንደ እንግዳ ይታይ ነበር። ከመካከላችን የራሱ ብስክሌት ያለው ግን አንድም አልነበረም፤ ሁላችንም መንዳት የለመድነው በኪራይ ነው። አንድ ፎኒክስ ብስክሌት ለግማሽ ሰዓት 50 ሳንቲም ይከራያል፤ ካላማዳሪው ከፈነዳ የማስጠገኛው ዕዳ የተከራዩ ነው። ሳንቲም አዋጥተን እንከራይና በተራ እንነዳለን። የእጅ ሰዓት የነበረው ብቸኛው ልጅ ጓደኛችን ስለነበር፣ ሰዓት ያዡ እሱ ነበር። ከ11 ዓመቱ ወዲህ ደግሞ ጥቂት እንደነዳ ትንፋሽ ስለሚያጥረው፣ ተራው ሲደርስ ከኋላ መጫኛው ላይ ይቀመጥና ከእኛ አንዱ ይነዳለታል። «አምስት ደቂቃ ቀርቷል» የሚለው ድምፁ ከጀርባዬ አሁንም ይሰማኛል። ትንፋሹ ለምን እንደሚያጥረው ያን ጊዜ ማናችንም አልጠየቅነውም፤ ልጆች ነበርን፣ እንደዚያው አድርገን ለመድነው።

ሕመሙ የጀመረው እንደዚህ ነው። አንድ ሳምንት ጉሮሮውን አመመው፣ አተኮሰው፣ ከዚያም ዳነ። ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጉልበቱ አበጠ፤ ጉልበቱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሲተወው ክርኑ እያበጠ፣ ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ይዘዋወር ጀመር። አያቱ ምች መትቶታል ብለው ዳማከሴ አጠጡት፤ ጎረቤት ደግሞ ልጁ እያደገ ስለሆነ ነው አለ። የወሰዱት ጤና ተቋም የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰው። ሁሉም እንደየዕውቀቱ ያደረገው ስለሆነ ዛሬ ማንንም አልወቅስም። በዓመቱ ግን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ታቦርን ለመውጣት ሲሞክር ከግማሽ መንገድ በላይ መሄድ አቃተው፤ ተመርምሮም ከልቡ በሮች አንዱ መጎዳቱ ተነገራቸው።

ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህ ነው። ጉሮሮን የሚያሳምም ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመከላከል የሚያዘጋጀው ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ ጠላቱን ይስትና የራሱን አካል፣ ይልቁንም መገጣጠሚያዎችንና ልብን ያጠቃል። የመገጣጠሚያው ሕመም ምልክት ሳይተው ይድናል፤ የልቡ ግን ብዙ ጊዜ አይድንም። በልብ ውስጥ ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉት፣ ቫልቭ የሚባሉት በሮች ይጠባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ነው። ጉሮሮው እንደታመመ በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ ይህ ሁሉ ላይደርስ ይችል ነበር። አንዴ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ሌላ የጉሮሮ ሕመም መጥቶ ልቡን እንዳይጨምርበት፣ በሽተኛው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት። ጓደኛችን በየ28 ቀኑ ይወጋ ነበር። ይህን መርፌ የተወጋ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ነው፣ ነርሷ ቀስ ካለች መርፌው ውስጥ ይደፈናል፣ የተወጋውም ሰው ያን ቀን እያነከሰ ይውላል። በወር አንድ ቀን ሲያነክስ ካየነው የት እንደዋለ እናውቅ ነበር።

መርፌው የሚመዘገብበት ካርድ ነበረው፤ በሦስት የሚታጠፍ፣ ጠርዙ በላብ የጠቆረ፣ ቢጫ ወፍራም ወረቀት ነው። በአንድ በኩል ቀጠሮ፣ በሌላው የተወጋበት ቀን፣ በዳር የነርሷ ፊርማ አለበት። ከቀብሩ በኋላ እናቱ ዕቃውን ሲያነሡ አገኙትና አሳዩን። በዓመታት ውስጥ በተለያየ እጅና በተለያየ ቀለም የተጻፉት ቀኖች ተደርድረው ሲታዩ የአንድን ልጅ ትዕግሥት በዓይን እንደማየት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊማር ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ዓመት ግን ቀጠሮ ብቻ ተጽፎ የተወጋበት ቀን ያልሞላባቸው ሰባት ባዶ መስመሮች አሉ።

ከእነዚህ የመጀመሪያው የእኔ ነው። ለዕረፍት ሲመጣ ላንጋኖ ሄደን እንደር ብዬ የጎተጎትኩት እኔ ነኝ። «ሐሙስ መርፌ አለኝ» አለኝ፤ እኔም «አንድ ቀን ቢያልፍ ምን ይመጣል? ደህና ነህ እኮ» አልኩት። ሄድን፣ ሐሙስም አለፈ፤ ደህና መሆኑን ስላየ ቀጣዩም አለፈው። ነርስ የሆነችው ጓደኛችን አንድ የቀረ መርፌ ብቻውን ሰው እንደማይገድል ደጋግማ ነግራኛለች፤ እኔም አምናታለሁ። ቢሆንም ካርዱን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ መስመር ላይ ነው። በመጨረሻው ዓመት ደረጃ መውጣት አቃተው፣ እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው በተነገረው በጥቂት ወራት ውስጥ ልቡ ደከመ።

በብስክሌት የመጓዙን ሐሳብ ያመጣችው ዋሽንግተን የምትኖር የአክስቱ ልጅ ነች። እዚያ ሰዎች የሞተባቸውን ወዳጅ ለማሰብ ረጅም መንገድ በብስክሌት እንደሚሄዱና የሚያውቋቸው ሁሉ በየማይሉ ገንዘብ እንደሚያዋጡ፣ እሷም ሁለት ጊዜ እንደተሳተፈች ጻፈችልን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልተዋጠልኝም። እኛ ለሞተ ሰው አርባ እናወጣለን፣ ሰማንያ እናደርጋለን፣ ሙት ዓመት እንዘክራለን፤ ስፖርት ከሐዘን ጋር ምን አገናኘው? የሰፈራችን እድር ዳኛም ጉዳዩን ስናስረዳቸው ከእኔ የባሰ ግራ ተጋቡ። «ገንዘቡን ከፈለጋችሁት በግልጽ ጠይቁን፤ እንሰጣችኋለን። ለምን ትደክማላችሁ? ብስክሌት ስለነዳችሁ ልጅ ይድናል እንዴ?» አሉን። ጥያቄው ትክክል ስለነበር መልስ አጣንለት።

መልሱን ያገኙት እናቱ ናቸው። ቡና አፍልተው፣ እያፈርን እያፈርን ሐሳቡን ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙንና «ስለት ነዋ!» አሉ። «እኔ ለእሱ ጤና ብዬ የቁልቢን ዳገት በባዶ እግሬ ወጥቻለሁ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም አይቻለሁ። ገብርኤል ድንጋዩን ፈልጎት ነው? ሰውዬው ነው እንጂ እንዲህ ካላደረገ የማይቀለው። ሂዱ፣ ልጆቼ፤ እናንተም አልቀለላችሁም።» እውነትም አልቀለለንም ነበር። የንስሐ አባታቸውን አማክረው፣ ለሙት ዓመቱ ድግስ ካስቀመጡት ገንዘብ ለፍትሐቱና ለነዳያኑ የሚሆነውን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ለልጆቹ መታከሚያ እንደሚሰጡ ወሰኑ። የመጀመሪያዋ ሰጪ በዚህ ዓይነት እሳቸው ሆኑ። የእድሩ ዳኛም «ስለት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተፈታ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዓላማው መጠየቃቸውን ትተው ስለ ብስክሌቱ ዓይነት ይጠይቁን ጀመር። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ላይ ብስክሌት የተወዳደረውን ገረመው ደንቦባን እያነሡ፣ «እናንተ ባለ ማርሽ ይዛችሁ ደግሞ ልትማረሩ ነው?» ማለትን ልማድ አደረጉት።

ገንዘቡን የት እንስጥ በሚለው ብዙ አልተከራከርንም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል ሁላችንም እናውቀዋለን። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ድርጅት መጀመሪያ ላይ የታመሙ ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር፤ ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ሕክምናው እዚሁ ይሰጣል። ሕንጻው የተገነባውም ሕክምናው የሚሰጠውም በለጋሾች ድጋፍ ነው። ጉዟችንንም ከዚያው በር ለመጀመር ተስማማን።

ከአምስታችን አንዱ መካኒክ፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዷ ነርስ ነን፤ አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ሥራዬም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። የጓደኛችን አጎት በአሮጌ ፒካፑ ውኃና መለዋወጫ ይዞ ሊከተለን ተስማማ። ልምምድ የጀመርነው ከአራት ወር በፊት፣ እሑድ እሑድ በማለዳ ከአያት ወደ ሰንዳፋ በመመላለስ ነው። ነርሷ ልጅ ሆና ሐዋሳ ከነዳች ወዲህ ብስክሌት ነክታ አታውቅም ነበር፤ እንደገና የለመደችው ያን ሰሞን በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና በሚዘጉባቸው እሑዶች ነው። የባንክ ሠራተኛው በመጀመሪያው ልምምድ ለገጣፎ ላይ ታክሲ ይዞ ተመልሷል፤ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ስለ ገንዘቡ አሰባሰብ አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ። ገና ከመጀመሪያው ሰው ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ለቤንዚን፣ ለምግብም ሆነ ለአልጋ አንዲት ሳንቲም እንዳይነካ ተስማማን፤ የጉዞውን ወጪ ከየደመወዛችን ቻልን። አንድ ወዳጃችን ስማችን የታተመበት ቲሸርት እናሠራ ሲል መካኒኩ «የቲሸርቱ ዋጋ ስንት መርፌ ይገዛል?» ብሎ አፉን አስያዘው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ በበጎ አድራጎት ስም የሚወጣው የባነርና የቲሸርት ገንዘብ ሁልጊዜ ያናድደኛል። የባንክ ሠራተኛው በአንድ ደብተር ላይ የሰጪውን ስም፣ በኪሎ ሜትር ሊሰጥ የወደደውንና የሰጠበትን ቀን ይመዘግባል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ወይም 10 ብር ይላል፤ መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ያባዛና ደንግጦ ይቀንሳል። ከኢትዮጵያ ሆኖ ጎፈንድሚ መክፈት ስለማይቻል የውጭውን መዋጮ የአክስቱ ልጅ እዚያው ሰብስባ ላከችው።

በጥር ወር 2012 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ዐርብ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከጥቁር አንበሳ በር ተነሣን። ካርዱን እናቱ በላስቲክ ጠቅልለው ልከውልን ስለነበር በየቀኑ አንዳችን በተራ በኮርቻ ቦርሳችን እንድንይዘው ተስማምተናል። በለገሃር፣ በጎተራና በሳሪስ አልፈን ቃሊቲ ስንደርስ ጎህ ቀደደ። የፈጣን መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ የሄድነው በአሮጌው መንገድ ነው፤ ይህም ማለት ከሲኖትራክ፣ ከአይሱዙና ከአባዱላ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ መሄድ ነው። ሲኖትራክ በአጠገብ ሲያልፍ መጀመሪያ ይገፋል፣ ከዚያም ወደ ራሱ ይስባል፤ መሪውን አጥብቆ ያልያዘ ሰው ጎማው ሥር ይገባል። ዱከም ላይ ልጆች የራስ ቁራችንን አይተው «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሮጡብን፤ ነርሷ ስታልፍ ግን «ኧረ ሴት ናት! አይዞሽ እትዬ!» ብለው እስከ ከተማው ዳር ሸኟት። ቢሾፍቱ ቁርስ በላን። መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ሞጆ የገባነው ገና በቀትር ነው፤ በዚያም ቀን ብስክሌት መንዳት ቀላል ነገር መስሎን ተኛን።

በሁለተኛው ቀን ቆቃ ላይ አዋሽን ተሻግረን ዓለም ጤናን ስናልፍ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣ ጀመር። መቂ ከመድረሳችን በፊት የመምህሩ የኋላ ጎማ የግራር እሾህ ወጋው፤ ይዘናቸው የነበሩትን ትርፍ ካላማዳሪዎች ጠዋት ስለጨረስናቸው ብስክሌቱን ፒካፑ ላይ ጭነን መቂ አንድ ጎሚስታ ጋ ወሰድነው። ጎሚስታው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ካላማዳሪውን ነፍቶ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየደፈቀ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ሲፈልግ፣ ወዴት እንደምንሄድና ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ነርሷ እንደ ወትሮዋ አሳጥራ ነገረችው፦ ጉሮሮ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ክርን፣ ከዚያ ልብ።

ሰውዬው እጁን ከውኃው አላወጣም፤ አረፋው እየወጣ ነው፣ እሱ ግን አያየውም። «ልጄ እንዲህ ናት» አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከገና በፊት ጉልበቷ አብጦ ከትምህርት ቀርታ ነበር፣ አሁን ደግሞ ክርኗን ይዟታል። ነርሷ ከዚያ በፊት ጉሮሮዋን አሟት እንደሆነ ጠየቀችው። «እንጥሏን ከሁለት ዓመት በፊት አስቆርጫታለሁ፤ ከጉሮሮ ሊሆን አይችልም» አላት። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ በሽታ እንደማያድን፣ ይልቁንም ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ሌላ መዘዝ እንደሚያመጣ ነርሷ ምንም ሳትገሥጸው፣ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ ረጋ ባለ ድምፅ አስረዳችው። ከዚያ ካርዱን ከቦርሳ አውጥታ አሳየችው። በቅባት የጠቆረ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ላስቲኩን ሳይፈታ፣ በጣቱ መስመሮቹን እየተከተለ ወረደ። ባዶዎቹ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» አለ። ማንም ሳይመልስ እኔ «አልሄደም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አልኩ። ከጓደኞቼ ፊት ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ነርሷ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚያስፈልግ ከደብተሩ በተቀደደ ገጽ ላይ ጽፋ፣ ስልኳን ጨምራ ሰጠችው፤ ነገ ዛሬ ሳይል ልጅቷን ወደ ሆስፒታል እንዲወስዳትም አስማለችው። እሱም ቀዳዳውን በሞረድ ፈግፍጎ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ልጥፉን በእጁ መዳፍ ጨምቆ ያዘና፣ ሒሳብ ስንጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። የባንክ ሠራተኛው በደብተሩ ላይ «ጎሚስታ፣ መቂ፣ አንድ ልጥፍ» ብሎ መዘገበለት። በሳምንቱ ለነርሷ ደውሎ ልጅቷ እንደታየች፣ መርፌውም እንደተጀመረላት ነግሯታል። ልቧ ምን ያህል እንደተነካ ገና እየተመረመረች ነበር።

ማታ ባቱ፣ እኛ በለመድነው ስሟ ዝዋይ አደርን። ከሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በላን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አጥንቱን ይጠብቁን ነበር። ብዙም አልተጫወትንም። መምህሩ ብቻ ተነሥቶ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ አልጋው ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ካርዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን በጠዋቱ ብርድ አለፍን፤ በመንገዱ ዳርና ዳር ለሽያጭ የተደረደሩት የከሰል ጆንያዎች በጨለማ ቁጭ ያሉ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ በግራችን ላንጋኖ ታየ። ያን ሐሙስ ከአውቶቡስ የወረድንበት መገንጠያ ላይ ስደርስ ብስክሌቴን አቁሜ ወረድኩ። ሌሎቹ አልጠየቁኝም፤ ጥቂት አለፍ ብለው ውኃ የሚጠጡ መስለው ቆሙ። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ የኮርቻውን ቦርሳ ዚፕ ከፍቼ ካርዱ መኖሩን አየሁና ዘጋሁት፤ ከዚያም ተነሣን።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አሳጥሬ ብነግራችሁ ይሻላል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው። ከባቱ እስከ ነገሌ አርሲ ወደ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ይጨምራል፤ በመኪና ሲሄዱ ዳገት መሆኑ እንኳ አይታወቅም። ረፋዱ ላይ የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ፊት ለፊት ተነሣና እንደ እጅ ደረታችንን ይዞ ይገፋን ጀመር። ትንፋሼ ሲያጥር፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ፣ እሱ ከቤቱ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ሲሄድ እንዲህ ይሰማው እንደነበረ ገባኝ፤ ልዩነቱ እኔ ቆሜ ባርፍ የሚያልፍልኝ መሆኑ ብቻ ነው። የባንክ ሠራተኛው የእግሩን ባት ጨምድዶት መንገዱ ዳር ተጋደመ። አጎትየው ፒካፑ ላይ እንዲወጣ ለመኑት፤ እሱ ግን «ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያልነዳሁትን ኪሎ ሜትር ምን ብዬ ልጽፍ?» ብሎ እምቢ አለ። ነርሷ እግሩን አሸችለት፣ አንድ ሙዝ በላ፣ ተነሣ። ሻሸመኔ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። የቀረን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ሐዋሳ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

እናቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ጎረቤቱና እድርተኛው ድንኳን ሥር ተቀምጧል። ሁላችንንም አንድ በአንድ እያገላበጡ ሳሙን። «ማን ጋ ነው ያለው?» ሲሉ ካርዱን አወጣሁላቸው። ተቀበሉት፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያም «እጃችሁን ታጠቡ፣ እንጀራ ቀርቧል» አሉን። በማግስቱ ጠዋት ፍትሐቱ ተደርጎ ነዳያን በሉ። የእድሩ ዳኛ የጎማዎቹን ልጥፍ እየቆጠሩ ሲስቁ ነበር።

የተሰበሰበው ሁሉ ተጠቃሎ 214,600 ብር ሆነ፤ ለማዕከሉ አስገብተን ደረሰኙን ለሰጪዎቹ በሙሉ ላክን፤ ዋናው ደረሰኝ በመካኒኩ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ በተዘጋጀንበት ማክሰኞ ጠዋት እናቱ ጠሩኝ። የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሮ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል፤ አያቱም እንጥል ወደሚቆርጡ ሴትዮ ሊወስዱት ነጠላቸውን ለብሰው ነበር። የጓደኛችን እናት በር ላይ አስቁመዋቸዋል። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ብስክሌትህን ፒካፑ ላይ ሳትጭነው ይኼን ልጅ ጤና ጣቢያ አድርስልኝ። አያቱ በእግራቸው ይከተሏችኋል።» የእኔ ብስክሌት የኋላ መጫኛ ስላልነበረው ከጎረቤት አንድ አሮጌ ፎኒክስ ተዋስኩ። ልጁን አስቀምጬ ወገቤን እንዲይዝ ነገርኩት። ግንባሩ በሸሚዜ ላይ ይፋጃል። ጥቂት እንደሄድን በዚያ በታፈነ ድምፁ፣ «ጋሼ፣ መርፌ ይወጉኛል?» አለኝ።

«ሊወጉህ ይችላሉ» አልኩት።

«ያማል?»

«አዎ፣ ያማል» አልኩት፤ ጤና ጣቢያው እስክንደርስም ወገቤን አልለቀቀም።